ጸጥ ያለ ኮረብታማ የብስክሌት መንገድ ከካርታ ላይ እንዴት ይለያል?

ዳገት_ፈላጊ

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። እስካሁን የምጋልበው ሰፊና ሜዳማ በሆነ ዋና መንገድ ላይ ነበር። አስፋልቱ ጥሩ ነው፤ ክርኔን ታክኮ የሚያልፈው የጭነት መኪና ግን ሰላም ስለነሳኝ ፊቴን ወደ ኮረብታው አዙሬያለሁ። የምፈልገው ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ዞሮ መነሻው ላይ የሚገጥም፣ መኪና የማይበዛበት የአስፋልት መንገድ ነው። ዳገት ቢኖረው አልጠላም።

ችግሬ ካርታው ነው። ቀጫጭኑ መስመር ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለኛል። የትኛው በእርግጥ ጭር ያለ፣ የትኛውስ አቋራጭ ፈላጊ ሾፌር የሚከንፍበት እንደሆነ በምን ይታወቃል? ደግሞም አንደኛው መተግበሪያ የመንገዱ ጠቅላላ ዳገት 700 ሜትር ነው ሲል ሌላው ለዚያው መንገድ 950 ይለኛል። ማንን ልመን? ብስክሌቴ የፊት ማርሹ 50 እና 34 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 28 ነው። ይበቃኛል?

ካርታ_አንባቢ

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሳ። ጸጥታና ዳገት አብረው የሚገኙት በአጋጣሚ አይደለም። ከባድ መኪና ዳገት አይወድም፤ ነዳጁን ይበላበታል፣ ፍጥነቱን ይገድልበታል፣ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑን ያግልበታል። ስለዚህ መሐንዲሶች ዋና መንገድ ሲቀይሱ ሸለቆውን ይዘው፣ ወንዙን ታክከው ይሄዳሉ፤ ኮረብታ ሲገጥማቸው ይቆርጡታል፣ በዋሻ ይበሱታል፣ ካልሆነም በረጅሙ ይዞሩታል። ከዚያ በፊት የነበረው መንገድ ግን ያን ያህል አቅም ስላልነበረው ወጣ ገባውን እንዳለ ተቀብሎ ያልፍ ነበር። አዲሱ ሲከፈት አሮጌው አይጠፋም፤ መኪናው ይለቀዋል እንጂ አስፋልቱ እዚያው ይቀራል። አንተ የምትፈልገው ይህንን ነው።

ካርታ ላይ ለማግኘት በሁለት ከተሞች መካከል ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መስመሮችን ፈልግ። አንዱ ወፍራምና ቀጥ ያለ፣ ሌላው ቀጭንና ጠመዝማዛ ሆኖ እዚህም እዚያም ወፍራሙን የሚያቋርጠው ከሆነ፣ ቀጭኑ የቀድሞው ዋና መንገድ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። እንዲህ ያለው መንገድ ሌላም በጎ ጎን አለው፤ በደህናው ዘመኑ ለከባድ መኪና ታስቦ ስለተሠራ ስፋት አለው፣ ዛሬ የሚሄድበት ግን የአካባቢው ሰው ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው መንገዱ ማንን ከማን ያገናኛል የሚለው ነው። ሰው የሚበዛባቸውን ሁለት ቦታዎች ከዋናው መንገድ ባጠረ ርቀት የሚያገናኝ ቀጭን መስመር፣ ጠዋትና ማታ የቸኮለ ሁሉ የሚያልፍበት ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የመንገድ መሪ መተግበሪያህን «በመኪና» በሚለው ላይ አድርገህ፣ ከዙርህ ግራና ቀኝ ባሉ ከተሞች መካከል አቅጣጫ ጠይቀው። አንተ በመረጥከው ቀጭን መንገድ ካስኬደህ ተወው፤ ሌላውንም ሰው በዚያው እያስኬደው ነው። በሌላ በኩል ካዞረህ እሰየው።

የሳተላይት ምስሉንም ሳታይ አትውጣ። ከኮረብታው ጎን ነጭ ጠባሳ ካየህ የድንጋይ ካባ ነው። እሁድ ጭር ብሎ ያገኘኸው መንገድ ሰኞ ጠዋት ገልባጭ መኪና ይመላለስበታል፤ የሚያንጠባጥቡት ጠጠርም መታጠፊያው ላይ ይጠብቅሃል። በአንጻሩ ከባድ መኪና የማያሳልፍ ጠባብ ድልድይ፣ ወይም መኪና የሚያግድ ብስክሌት ግን የሚያሾልክ አጥር ያለበት መንገድ ካገኘህ እንደ ሀብት ቁጠረው። እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ የሚመዘግበው ኦፕንስትሪትማፕ ነው። በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጀመረ የፈቃደኞች ካርታ ሲሆን፣ የመንገዱን ንጣፍ ዓይነትና ለብስክሌት ክፍት መሆን አለመሆኑን ሳይቀር የሚጽፉበት ሰዎች አሉ።

ቀስ_በቀስ

ካርታ_አንባቢ፣ እግረ መንገድህን የከፍታ መስመሮችን ነገር ብታስረዳን። እኔ እስካሁን የማያቸው እንደ ጌጥ ነው።

ካርታ_አንባቢ

በአጭሩ፣ አንድ የከፍታ መስመር እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያያይዛል። መንገዱ ከመስመሩ ጋር ጎን ለጎን ከሄደ ደልዳላ ነው፤ መስመሩን እየቆረጠ ካለፈ እየወጣ ወይም እየወረደ ነው። መስመሮቹ በየ20 ሜትር ከፍታ የተሣሉ ከሆነና በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ አምስቱን ከቆረጥክ 100 ሜትር ወጥተሃል፤ ይህም ከመቶ 10 ነው። አምስቱ መስመሮች በግማሽ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከተጨናነቁ ግን ከመቶ 20 ሆነ ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ብዙ ሰው ወርዶ ይገፋል።

አንድ ምክር ልጨምር። ሸንተረር ለሸንተረር የሚሄድ መንገድ ፈልግ። ወደ ላይ የምትከፍለውን አንዴ ትከፍላለህ፣ ከዚያ በኋላ ከፍ ብለህ ትቆያለህ። ሸለቆዎቹን እያቋረጠ የሚሄደው ግን በየወንዙ ያወርድሃል፣ በየወንዙ ማዶ እንደገና ያስወጣሃል። በርቀት እኩል የሆኑ ሁለት መንገዶች በእግር ላይ የሚያደርሱት ድካም እንዲህ ይለያያል።

ባሮሜትር

ስለ 700 እና 950 እኔ ልመልስ። ሁለቱም አልዋሹህም፤ የሚቆጥሩበት መንገድ ነው የሚለያየው።

አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ከፍታን የሚወስዱት ከተዘጋጀ የመሬት ገጽታ መረጃ ነው። ከእነዚህ ታዋቂው በየካቲት 2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ምድርን በራዳር ለክታ ያመጣችው ነው። ያ መረጃ መሬቱን ወደ 30 ሜትር ስፋት ባላቸው አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ ከፍታ ይሰጣል። አሁን የኮረብታ ወገብ ላይ ተቆርጦ የተሠራ መንገድ አስብ። አስፋልቱ ደልዳላ ነው፤ ከጎኑ ያለው አራት ማዕዘን ግን ግማሹ ገደል፣ ግማሹ ግድግዳ ነው። መተግበሪያው መንገዱን ተከትሎ ሲቆጥር አንዴ ከገደሉ፣ አንዴ ከግድግዳው ቁጥር እየወሰደ በሌለ ዳገት ያወጣሃል። ድልድይ ላይ ስትሆን ሸለቆው ውስጥ ወርደህ የወጣህ ያደርግሃል፤ በዋሻ ስታልፍ ተራራውን አናቱ ላይ ያስረግጥሃል። ፕሮግራመኞቹ ይህንን ለማረም ቁጥሩን ያለሰልሱታል፤ አንዱ ብዙ ያለሰልሳል፣ ሌላው ጥቂት። ልዩነቱ ከዚያ ይመጣል።

የአየር ግፊት መለኪያ ያለው የብስክሌት ኮምፒውተር በአብዛኛው የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን በመንገድ ላይ ሳለህ የአየሩ ሁኔታ ከተለወጠ ይዛባል። እኔ የምመክረው አንዱን መተግበሪያ ይዘህ ከእሱ አለመውጣት ነው። ከዚያ ጠቅላላውን ዳገት ለርቀቱ አካፍል። በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 10 ሜትር የሚደርስ ከሆነ ወጣ ገባ መንገድ ነው፤ 20 ሜትር ከሆነ ቀኑን ሙሉ ዳገትና ቁልቁለት እንጂ ሌላ የለም። በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,000 ሜትር ማለት ነው።

አማካይ ቁጥር እንዳያታልልህ ደግሞ ተጠንቀቅ። «5 ኪሎ ሜትር፣ በአማካይ ከመቶ 5» የተባለ ዳገት 250 ሜትር ያወጣል። ከዚያ ውስጥ 200 ሜትሩ በመጨረሻዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ላይ ተከማችቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚጠብቅህ ከመቶ 10 ነው። ከጠቅላላው ይልቅ በጣም የሚከብደውን ኪሎ ሜትር ፈልገህ እይ።

እርጋታ

የሁላችሁንም አነበብኩ፤ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ጭር ያለ መንገድ ማለት አደጋ የሌለበት መንገድ ማለት አይደለም። በሰፊው ዋና መንገድ ላይ ሾፌሩ ሰው ይጠብቃል፤ የመንገዱ ትከሻም ሰፊ ከሆነ መሸሻ አለህ። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሚነዳው ግን እያንዳንዷን ኩርባ በቃሉ የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ነው፤ ለዓመታት ማንንም አግኝቶ ስለማያውቅ ማንም የለም ብሎ ነው የሚነዳው። ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ፣ ፊት ለፊቱ የኮረብታ አናት። በሰዓት አምስት መኪና ብቻ ቢያልፍ እንኳ ከአምስቱ አንዱ በቂ ነው። እኔ ሰፊ ትከሻ ያለውን ዋና መንገድ እመርጣለሁ፤ ጫጫታውን እችለዋለሁ።

ካርታ_አንባቢ

እርጋታ፣ ነጥብህን አልክድም። ነገር ግን ሁለቱን አትቀላቅላቸው። አደገኛ የሚያደርገው የመኪናው ቁጥር ማነስ ሳይሆን አርቆ ማየት አለመቻሉና የፍጥነቱ ልዩነት ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና 20 ኪሎ ሜትር ከምትሄደው ከአንተ ጋር 80 ኪሎ ሜትር ይለያያል፤ ትከሻው የቱንም ያህል ቢሰፋ ስልኩን የሚነካካ ሾፌር ወደዚያ ይገባል። ጠመዝማዛው ራሱ ፍጥነት ይገድባል። ችግር የሚሆነው ጠባብ ሆኖ ቀጥ ያለውና በግንብ ወይም በቁጥቋጦ የታጠረው ነው፤ እሱን ከዙርህ አውጣው።

የጋላቢው አቀማመጥም ለውጥ ያመጣል። ወደ አንተ ወገን በሚታጠፍ ኩርባ ላይ የመንገዱን ጠርዝ ይዘህ ከሄድክ፣ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ግንቡ ወይም ዛፉ ስለሚከልልህ በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው የሚያይህ። ከኩርባው አስቀድመህ ከጠርዙ ፈቀቅ በል፤ ከሩቅ ትታያለህ፤ መኪናው ሲደርስ ወደ ጠርዙህ ትመለሳለህ። በኮረብታ አናት ላይም እንዲሁ ነው። ሾፌሩ አንተን ያያል፣ ከአናቱ ማዶ የሚመጣውን ግን አያይም። አናቱን እስክትሻገር ቦታህን ያዝ፤ ሊቀድምህ የሚፈልገው ያን ጥቂት ሰከንድ ቢታገሥ ምንም አይጎድልበትም።

እርጋታ

የአቀማመጡን ነገር እቀበላለሁ። በዋና መንገዱ ግን ከአቋሜ አልነቃነቅም። አንድ ነገር ግን ልጨምርላችሁ፤ ለፀሐይ ተጠንቀቁ። ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ማታ ወደ ምዕራብ በሚወጣ ዳገት ላይ ፀሐይዋ የሾፌሩ ዓይን ውስጥ ትገባለች። ከዚያ ላይ ደማቅ ልብስ እንኳ አያድንም፤ ከኋላ ቀን ላይም ቢሆን ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አብሩ።

የኋላ_ማርሽ

ስለ 28 ጥርሱ ማንም አልመለሰልህም፤ ለእኔ የተተወ ይመስላል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የተለመደው የጎማ ዙሪያ ወደ 2.1 ሜትር ነው። በ34 የፊት እና በ28 የኋላ ጥርስ አንድ ጊዜ ፔዳሉን ስታዞር 2.55 ሜትር ትሄዳለህ። እግርህ በደቂቃ 60 ጊዜ ቢዞር ፍጥነትህ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ከጥቂት ነው። አንተና ብስክሌትህ አንድ ላይ 80 ኪሎ ግራም ብትሆኑና ዳገቱ ከመቶ 10 ቢሆን፣ የስበትን ኃይል ብቻ ለማሸነፍ 200 ዋት ያስፈልግሃል፤ የጎማው ሰበቃና አየሩ ሌላ ነው። የኋላውን ትልቅ ጥርስ 34 ብታደርገው ግን አንዱ ዙር 2.1 ሜትር ይሆንና በዚያው የእግር ዙር በሰዓት 7 ተኩል ኪሎ ሜትር እየሄድክ 165 ዋት ገደማ ይበቃሃል። ሠላሳ አምስቱ ዋት ዳገቱ መጨረሻ ላይ ስትደርስ መተንፈስ በመቻልና ባለመቻል መካከል ያለ ልዩነት ነው።

በ28 መውጣት አይቻልም አላልኩም። ይቻላል፤ ግን እግርህ በደቂቃ 45 ላይ እየተጎተተ፣ ጉልበትህ እየተጫነ ነው። ለ60 ኪሎ ሜትር ኮረብታ ጉልበትህን ካሰብክለት 32 ወይም 34 አስገጥም። ከመግዛትህ በፊት ግን የኋላ ማርሽ ቀያሪው የሚቀበለውን ትልቁን ጥርስ አጣራ። አንዳንዱ ከ28 ወይም ከ30 በላይ አይቀበልም፤ ካቴናውም ሊያጥር ይችላል። አጭር ካቴና በትልቁ ማርሽና በትልቁ ጥርስ ላይ ሲወጠር ማርሽ ቀያሪውን ይገነጥለዋል።

የቆየ_ጋላቢ

ልጆቼ፣ ማርሹ ላይ ያላችሁት ሁሉ ልክ ነው፤ ዳገትን ግን የሚያሸንፈው አጀማመር ነው። ሰው ዳገት ሲያይ ይናደድበታል። ከታች ሲነሳ በሙሉ ኃይሉ ይነሳና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች እንደ ጀግና ይጋልባል፤ የቀረውን እየተንገዳገደ ይጨርሰዋል። ስትጀምሩ «ይሄማ ቀላል ነው» እያላችሁ ጀምሩ። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።

ወጣ ገባ መንገድ ደግሞ ከአንድ ረጅም ዳገት ይልቅ ያደክማል። ረጅሙ ዳገት ምት ይሰጣችኋል፣ ትንፋሽና እግር ይስማማሉ። ወጣ ገባው ግን ሳትለምዱት ያልቃል፣ ከዚያ ሌላ ይጀምራል። የእሱ መላ አናቱ ላይ ነው። ብዙዎች አናቱን ሲያዩ ፔዳል ማዞር ያቆማሉ፤ ያኔ ብስክሌቱ ይሞታል። አናቱን አልፋችሁ ቁልቁለቱ እስኪይዛችሁ አምስት ስድስት ዙር ጨምሩ፤ የሚመጣው ፍጥነት ለሚቀጥለው ዳገት ግማሹን ይከፍልላችኋል። ቁልቁለቱ ላይ ግን አትታገሉ። ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ የምትገፉት አየሩን ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ያንን ጉልበት ለዳገቱ አስቀምጡት።

ዳገት_ፈላጊ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁልቁለቱን ካነሱ አይቀር እሱን ይጨምሩልኝ፤ እውነቱን ለመናገር ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

የቆየ_ጋላቢ

መፍራትህ መልካም ነው። ቁጥሩን ልንገርህ። በደረቅና ደልዳላ መንገድ ላይ ፍሬን ጠበቅ አድርጎ የያዘ ሰው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ለመቆም ወደ 7 ሜትር ይበቃዋል። በ60 ሲሄድ ግን 28 ሜትር ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ፣ መቆሚያው አራት እጥፍ። አእምሮ ነገሩን አይቶ እጅ ፍሬኑን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢያልፍ ሌላ 17 ሜትር ጨምርበት። ቁልቁል ላይ ሲሆን ከዚህም ይረዝማል። እንግዲህ ከፊትህ የሚታይህ መንገድ 30 ሜትር ከሆነ በ60 መሄድ በምን ሒሳብ ነው?

ፍሬኑን ከኩርባው በፊት ጨርስ፤ ኩርባው ውስጥ ስትገባ ልቀቀው፤ ዓይንህን የምትወጣበት ላይ ትከል። እጅህ የማኑብሪዮውን የታችኛውን ክፍል ይያዝ፤ ፍሬኑ ላይ የሚኖርህ ጉልበት ከላይ ከምትይዘው ይበልጣል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሳትለቅ እያንከረፈፍክ አትውረድ። ቸርኬውን የሚነክስ ፍሬን ከሆነ ቸርኬው ይግላል፣ በካላማዳሪያው ውስጥ ያለው አየር ይነፋል፣ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱን ሰብረህ ልቀቀው፣ አየር ያቀዝቅዘው፤ እንዲህ እያፈራረቅህ ውረድ።

ጥላ ያለበትን ቦታ ጠርጥር። ፀሐይ የማይደርስበት ኩርባ ውስጥ እርጥበትና የረገፈ ቅጠል ይኖራል። ከዝናብ በኋላ ደግሞ ጎርፉ ያመጣው አሸዋና ጠጠር የሚከማቸው ልክ መታጠፊያው ላይ ነው።

ነፋሻ

ጋሼ ያላነሱት አንድ ነገር አለ፤ ብርዱን። ዳገቱን ስትወጡ ላባችሁ ያጠምቃችኋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ላይ እርጥብ ልብስ ለብሳችሁ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትወርዱ ጣታችሁ ፍሬኑን መያዝ ያቅተዋል። ከኪስ የምትገባ ቀጭን የነፋስ መከላከያ ጃኬት ያዙ፤ የምትለብሱትም አናቱ ላይ ቆማችሁ እንጂ መንቀጥቀጥ ከጀመራችሁ በኋላ አይሁን።

የእኔም ጥያቄ አለኝ። ብዙ ጊዜ የምጋልበው ብቻዬን ነው። ውሻ ሲያሳድዳችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ሜዳ ላይ እሮጥለታለሁ፤ ዳገት ላይ ግን አይሆንም።

እርጋታ

እህቴ ነፋሻ፣ ዳገት ላይ ውሻን ማምለጥ አይታሰብም፤ መሮጥሽ ራሱ ይቀሰቅሰዋል። ውሻው በአብዛኛው የሚጠብቀው ግቢውን ነው። ፍጥነትሽን ቀንሺ፣ በኃይለኛ ድምፅ ተናገሪው። ካልተወሽ ውረጂና ብስክሌቱን በአንቺና በእሱ መካከል አድርገሽ ጀርባሽን ሳትሰጪው በቀስታ እልፍ በይ። ድንበሩን ስታልፊ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። በእግርሽ ለመምታት አትሞክሪ፤ የምትወድቂው ያኔ ነው። ብቻሽን ስትወጪ ደግሞ መንገድሽንና የምትመለሺበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ንገሪ። ሸለቆ ውስጥ የስልክ መረብ ይጠፋል፤ ሸንተረር ላይ ስትደርሺ አጭር መልእክት የመላክ ልማድ ይኑርሽ።

ቀስ_በቀስ

ስለ ጸጥታ ስታወሩ ታዋቂዎቹ የተራራ መንገዶች ትዝ አሉኝ። በቴሌቪዥን የምናያቸው የአልፕስ ጠመዝማዛዎች እኮ መኪና ያለባቸው አይመስሉም። በእርግጥ እንዲያ ናቸው?

ካርታ_አንባቢ

በቴሌቪዥን ጭር ያሉት ለውድድሩ ስለተዘጉ ነው። የጣሊያኑን ስቴልቪዮ ውሰድ። ከፍታው 2,757 ሜትር ነው፤ ከፕራቶ በኩል ሲወጣ 48 ተቆጣሪ መታጠፊያዎች አሉት። በበጋ ቀን ብትሄድበት የሞተር ብስክሌት ጩኸት ያደነቁርሃል። በዓመት አንድ ቀን ለሞተር ተሽከርካሪ ተዘግቶ ለብስክሌተኞች የሚለቀቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከእሱ የምንማረው ሌላ ነገር አለ። መንገዱ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1825 ባለው ጊዜ፣ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ትእዛዝ ነው። ፈረስ የሚጎትተው ሠረገላ እንዲወጣው ስለታሰበ መሐንዲሱ እያጣጠፈ አለሰለሰው፤ በዚያ ሁሉ ከፍታ ላይ አማካዩ ከመቶ 7 ተኩል ገደማ ነው። አሁን በእንግሊዝ ሐይቆች አውራጃ ያለውን ሃርድኖት የተባለ መተላለፊያ እይ። አናቱ 393 ሜትር ብቻ ነው፤ የስቴልቪዮን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ዳገቱ ግን ከመቶ 30 የሚደርስበት ቦታ አለው። ተራራው ስለረዘመ ዳገቱ ይከብዳል ማለት አይደለም፤ የሚወስነው መንገዱን ማን፣ ለምን ዓይነት ተሽከርካሪ ሠራው የሚለው ነው። ስም የሌላቸው ዝቅተኛ ኮረብታዎች ውስጥ ያለ የገበሬ መንገድ ከታዋቂው ተራራ ይልቅ እግር የሚሰብረው ለዚህ ነው።

የኋላ_ማርሽ

በተቃራኒውም ይሠራል። ዳገት የሰለቸው ሰው ኮረብታማ አገር ውስጥ የቀረ የባቡር ሐዲድ መስመር ይፈልግ። ተራ ባቡር ከመቶ 2 ወይም 3 በላይ መውጣት ስለሚከብደው፣ መስመሩ የሚቀየሰው ኮረብታውን በዋሻና በድልድይ እያለፈ ነው። ስፔን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የተተዉ ሐዲዶቿን «አረንጓዴ መንገድ» እያለች ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ስትለውጥ ቆይታለች። ንጣፉ በብዙ ቦታ አስፋልት ስላልሆነ ግን ሰፋ ያለ ጎማ፣ ለዋሻው ደግሞ መብራት ያስፈልጋል።

ነፋሻ

የቤልጅየሙን ሊምበርግም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1995 በየመገናኛው ቁጥር ተክለው መረብ ሠሩ፤ ካርታ ሳታወጣ ከ23 ወደ 47፣ ከ47 ወደ 12 እያልክ ትሄዳለህ። ሐሳቡን ያመጣው የማዕድን ማውጫ መሐንዲስ የነበረ ሰው ነው። እንዲያ ያለ ምልክት በሌለበት ቦታ እኔም ዘዴውን ለራሴ እጠቀምበታለሁ፤ የመገናኛዎቹን ስም በተራ ጽፌ ማኑብሪዮው ላይ እለጥፋለሁ። ስልክ ባትሪው ሲያልቅ ወረቀቱ አያልቅም።

ዳገት_ፈላጊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተባለው ዘዴ ሠርቼ 54 ኪሎ ሜትር የሆነ ዙር አውጥቼ ካርታውን አያይዣለሁ፤ ጠቅላላ ዳገቱ 820 ሜትር ነው። በመጀመሪያው ሩብ የቀድሞው ዋና መንገድ ነው፣ ከዚያ ሸንተረር ለሸንተረር ይሄዳል፣ በጠባብ ድልድይ ወንዙን ተሻግሮ ይመለሳል። በመኪና አቅጣጫ ስጠይቅ በዚያ አያስኬድም። በሰዓት አቅጣጫ ከሄድኩ ዳገቱ አጭርና ቀጥ ያለ፣ ቁልቁለቱ ረጅምና ለስላሳ ነው። በተቃራኒው ከሄድኩ ይገለበጣል። የቱን ትመርጡልኛላችሁ?

የቆየ_ጋላቢ

ቀጥ ያለውን ውጣ፣ ለስላሳውን ውረድ። ዳገት ላይ ቢያቅትህ ወርደህ ትገፋለህ፤ ቁልቁለት ላይ ቢያቅትህ የምትገፋው ነገር የለም። ነፋሱም በመጀመሪያው ግማሽ ከፊትህ እንዲሆን ካደረግህ፣ ሲደክምህ ከኋላ ይገፋሃል።

ባሮሜትር

በእኔ ሒሳብ በኪሎ ሜትር ወደ 15 ሜትር ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ልክ ነው። ቀጥ ያለው ዳገት ላይ የሚከብደውን ኪሎ ሜትር አይተኸዋል?

ዳገት_ፈላጊ

አዎ፣ ከመቶ 11 ነው፤ ርዝመቱ 900 ሜትር ገደማ። 34 ጥርሱን ለማስገጠም ወስኛለሁ፤ ማርሽ ቀያሪው እንደሚቀበለው አጣርቻለሁ።

ካርታ_አንባቢ

ዙርህን በሳተላይት ምስሉ ላይ አየሁት፤ በጥቅሉ ጥሩ ነው። ከድልድዩ በኋላ ያለው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ግን ቀለሙ ከሌላው ይለያል፤ አስፋልት ሳይሆን ጠጠር ይመስላል። 25 ሚሊሜትር ጎማ ከሆነ የያዝከው ወይ በ28 ወይም በ32 ቀይረውና አየሩን ጥቂት ቀንስለት፣ ወይም ከድልድዩ በፊት ወደ ግራ በሚታጠፈው መንገድ ግባ። ርቀቱ በ3 ኪሎ ሜትር ይጨምራል፤ እስከ መጨረሻው ግን አስፋልት ነው።